ሐኪም እስኪደርስ

ከምንባቡ በፊት

ሀ. በትምህርት ቤታችሁ አንድ ተማሪ ከደረጃ ወድቆ ቢጎዳ፣ መጀመሪያ ከአጠገቡ የሚደርሰው ማን ይመስላችኋል?
ለ. «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ምን ያስተምራል?

ምንባብ

(በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ኪሌሌሽዋ በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ፣ ከመሐል ከተማው በስተምዕራብ የሚገኝ ሰፈር ነው። በቀድሞ ዘመን ሰፊ ግቢ ያላቸውና በዛፍ የተከበቡ መኖሪያ ቤቶች ይበዙበት ነበር፤ ዛሬ ግን በዛፎቹ መካከል ረጃጅም ፎቆች ተሠርተውበታል። ኬንያ ሃይ ስኩል የሚባለው የታወቀ የልጃገረዶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በዚሁ ሰፈር ይገኛል። ከዚያም ብዙ ሳይርቅ፣ በሪቨርሳይድ ጎዳና በኩል፣ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ተማሪዎች የሚማሩበት የቺሮሞ ግቢ አለ።

በእነዚህና በመሰል ተቋማት በር ላይ የደንብ ልብስ የለበሰ ጠባቂ ይቆማል። የአገሩ ሰው «አስካሪ» ይለዋል። ቃሉ ከዐረብኛ ወደ ስዋሂሊ የገባ ሲሆን መነሻ ትርጉሙ ወታደር ማለት ነው። ኢትዮጵያውያንም በጣሊያን ጦር ውስጥ ተሰልፈው የነበሩትን የቅኝ ግዛት ወታደሮች በዚሁ ስም ያውቋቸዋል። በናይሮቢ ግን አስካሪ ማለት በር የሚከፍት፣ መታወቂያ የሚመለከት፣ ሌሊት በባትሪ ብርሃን ግቢውን የሚዞር ሰው ነው።

ብዙ ሰው የጠባቂን ሥራ ሌባን ከመከላከል አስበልጦ አያየውም። ነገር ግን በአንድ የትምህርት ግቢ ውስጥ ድንገተኛ አደጋ ሲደርስ ከሁሉ አስቀድሞ ከቁስለኛው አጠገብ የሚገኘው ሐኪም አይደለም፤ ነርስም አይደለም። በሩ ላይ የቆመው ወይም ግቢውን ሲዞር የነበረው ጠባቂ ነው። ስለዚህ ሐኪም እስኪደርስ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች የአንድ ተማሪ ሕይወት በዚያ ሰው እጅ ላይ ይወድቃል። እጁ የሚያውቅ እጅ ከሆነ ተማሪው ሊተርፍ ይችላል፤ የማያውቅ እጅ ከሆነ ግን በቅን ልቡና የተደረገ እርዳታ እንኳ ጉዳት ያስከትላል።

የኬንያ ከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ይህን ትምህርት በመራራ መንገድ ተምረውታል። መጋቢት 24 ቀን 2007 ዓ.ም. ታጣቂዎች በሰሜን ምሥራቅ ኬንያ የሚገኘውን የጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ወርረው 148 ሰዎችን ገደሉ። ከሟቾቹ አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ። በሩ ላይ የነበሩት ጠባቂዎች ከሁሉ በፊት ከተመቱት መካከል ነበሩ። ሐዘኑም ፍርሃቱም በአገሪቱ ተማሪዎች ሁሉ ላይ ወደቀ።

ከዚያ ዐሥር ቀን እንኳ በወጉ ሳያልፍ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 2007 ዓ.ም. እሑድ፣ በኢትዮጵያ የትንሣኤ በዓል በሚከበርበት ዕለት፣ ከናይሮቢ ወጣ ብሎ በሚገኘው የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የኪኩዩ ግቢ ሌላ አደጋ ደረሰ። ጎሕ ሳይቀድ፣ ተማሪዎቹ በተኙበት፣ በመኖሪያ ፎቃቸው አጠገብ የኤሌክትሪክ መሥመር ፈነዳ። የጋሪሳው እልቂት ከልባቸው ያልጠፋ ተማሪዎች ታጣቂዎች የመጡባቸው መስሏቸው በጨለማ ተጋፉ፤ ከፎቅም እየዘለሉ ወረዱ። 1 ተማሪ ሞተ፤ ከ100 በላይ የሚሆኑት ተጎዱ። በዚያን ሌሊት ጠላት አልመጣም፤ አንድ ጥይትም አልተተኮሰም። የጎዳቸው ድንጋጤ ነበር።

በዚያው ዓመት የደረሰው መከራ ተቋማቱን ለዝግጅት አነሣሣቸው። ይሁን እንጂ ዝግጅትም ራሱ ሥርዓት ይፈልጋል። ኅዳር 20 ቀን 2008 ዓ.ም. በናይሮቢ በሚገኘው በስትራዝሞር ዩኒቨርሲቲ ጥቃት ቢደርስ ምን እንደሚደረግ ለመፈተን ልምምድ ተካሄደ። ተኩስ ሲሰማ ግን ብዙዎቹ ልምምድ መሆኑን አላወቁም። እውነተኛ ጥቃት መስሏቸው ከመስኮትና ከሰገነት ዘለሉ። የአንድ የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ ሕይወት ጠፋ፤ ሌሎችም ብዙዎች ቆሰሉ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ልምምድ ይቅር የሚል አይደለም። ልምምድ አስቀድሞ ለሰው ሁሉ ይነገር፤ ሰውን የሚያረጋጉና የቆሰለውን የሚረዱ የሠለጠኑ ሰዎች በየቦታው ይቁሙ የሚል ነው።

የኪሌሌሽዋ አካባቢም ከዚህ አደጋ አላመለጠም። ጥር 7 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ ታጣቂዎች በሪቨርሳይድ ጎዳና የሚገኘውን ዱሲት የተባለ ሆቴልና በዚያው ቅጥር ውስጥ ያሉትን መሥሪያ ቤቶች ወረሩ። ሥፍራው የቺሮሞ ግቢ ጎረቤት ነው። ጥቃቱ እስከ ማግሥቱ ጠዋት ድረስ ቆየ፤ 21 ሰዎች ሲገደሉ ከ700 በላይ የሚሆኑ ከዚያ እንዲወጡ ተደረገ። እንዲህ ባለ ጊዜ አምቡላንስ ተኩስ ወዳለበት ሥፍራ ሊገባ አይችልም፤ ራቅ ብሎ ይጠብቃል። ቁስለኛው ግን አይጠብቅም፤ ደሙ ይፈሳል።

ደቂቃ ይህን ያህል ዋጋ ያለው ለምንድን ነው? የሰው አንጎል ያለ አየር ብዙ አይቆይም። ልብ መምታት ካቆመች ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ አንጎል መጎዳት ይጀምራል። ከጭን ወይም ከክንድ ታላቅ የደም ሥር የሚፈስ ደምም በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል። የናይሮቢን መንገድ ያየ ሰው፣ መኪናዎች በተጨናነቁበት ሰዓት አንድ አምቡላንስ ኪሌሌሽዋን አቋርጦ በ5 ደቂቃ ይደርሳል ብሎ ተስፋ አያደርግም። አዲስ አበባም ቢሆን ከዚህ የተለየች አይደለችም። ስለዚህ በእነዚያ ደቂቃዎች የሚሠራ ሰው አስቀድሞ በቦታው መገኘት አለበት።

ለግቢ ጠባቂዎችና ለግቢ ፖሊሶች የሚሰጠው የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ትምህርት ከዚህ ሐሳብ ይነሣል። በኬንያ የቀይ መስቀል ማኅበርና ሴንት ጆን አምቡላንስ እንዲህ ያለውን ሥልጠና ለተቋማት ይሰጣሉ። ትምህርቱ ጠባቂውን ሐኪም አያደርገውም፤ መድኃኒት እንዲያዝም አይፈቅድለትም። የሚያስተምረው ጥቂት ነገሮችን በትክክልና በቅደም ተከተል መሥራትን ነው።

የመጀመሪያው ነገር ከመሮጥ በፊት ማየት ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ ወድቋል? እሳት አለ? የሚተኩስ ሰው አለ? ራሱን ለአደጋ የጣለ ጠባቂ የሚረዳ ሰው መሆኑ ቀርቶ ሁለተኛ ቁስለኛ ይሆናል። ቀጥሎ ሌላ ሰው ልኮ ወይም በስልክ እርዳታ ይጠራል። በኬንያ የድንገተኛ አደጋ ስልክ ቁጥር 999 ነው፤ በኢትዮጵያ የአምቡላንስ ጥሪ 907 ነው። ጠሪው ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት አደጋው የደረሰበትን ቦታ፣ የቁስለኞችን ብዛትና መግቢያውን በር በግልጽ ይናገራል። አንድ ሰውም በሩ ላይ ቆሞ አምቡላንሱን እንዲመራ ይደረጋል።

ቁስለኞች ብዙ ሲሆኑ ጠባቂው መጀመሪያ ወደሚጮኸው ሰው መሄድ ያምረዋል። ትምህርቱ ግን ተቃራኒውን ይነግረዋል። የሚጮኽ ሰው ቢያንስ ይተነፍሳል፤ ጩኸቱም አየር ወደ ሳንባው እየገባ ለመሆኑ ምስክር ነው። ዝም ብሎ የወደቀው ግን ምናልባት መተንፈስ አቁሞ ይሆናል። ስለዚህ አስቀድሞ መታየት ያለበት ዝም ያለው ነው። ደሙ በኃይል የሚፈሰውም ከእርሱ ጋር ይቀደማል።

ደም ሲፈስ ንጹሕ ጨርቅ ወይም ፋሻ በቁስሉ ላይ አድርጎ በሁለት እጅ አጥብቆ መጫን ያስፈልጋል። ደሙ ቆመ አልቆመ እያሉ ጨርቁን በየጊዜው ማንሣት ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ቢላዋ ወይም ብረት በሰውነት ውስጥ ተሰክቶ ከቀረ አይነቀልም፤ መውጫውን የዘጋው እርሱ ሊሆን ይችላልና። ከክንድ ወይም ከእግር የሚፈሰው ደም በመጫን አልቆም ካለ፣ ቱርኒኬት የተባለው ደም ማገቻ ማሰሪያ ከቁስሉ በላይ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ይታሰራል። በጉልበት ወይም በክርን መጋጠሚያ ላይ ግን አይታሰርም። የታሰረበት ሰዓት ይጻፋል፤ ሐኪም ሳያየውም አይፈታም።

ራሱን የሳተውና የማይተነፍሰው ሰው ደግሞ በጀርባው ተንጋሎ በጠንካራ መሬት ላይ ይተኛል። ረዳቱ አንዱን መዳፍ በሌላው ላይ ደርቦ በደረቱ መካከል ያስቀምጣል፤ ክንዱን ሳያጥፍ ደረቱን ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ይጫናል። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን ይገባል። ይህ ዘዴ በዓለም ላይ ከታወቀ ብዙ ዘመን አይደለም። ከዚያ በፊት የቆመች ልብን ለማንቀሳቀስ ሐኪም ደረትን በቢላ ከፍቶ ልብን በእጁ ይጨምቅ ነበር። በ1952 ዓ.ም. በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ሦስት ተመራማሪዎች ደረትን ከውጭ በመጫን ብቻ ደም ወደ አንጎል ሊደርስ እንደሚችል አስታወቁ። ከዚያ ወዲህ ከቀዶ ሐኪም በቀር ማንም ያልነበረው ሥልጣን በሁለት እጁ ለሚሠራ ሰው ሁሉ፣ ለበር ጠባቂም ጭምር፣ ተሰጠ።

ሥልጠናው የሚያስተምረው ማድረግን ብቻ አይደለም፤ አለማድረግንም ነው። ከፎቅ የዘለለ ተማሪ አከርካሪው ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። ሰዎች አዝነው በእጅና በእግሩ ብድግ ሲያደርጉት በሕይወቱ ሙሉ የማይነሣ ሽባ ሊያደርጉት ይችላሉ። ሌላ አደጋ ካላሰጋ በስተቀር ባለበት ይቆያል፤ የሚነሣውም በቃሬዛ ነው። የሚጥል በሽታ ለተነሣበት ተማሪ ክብሪት ጭሮ ማሽተት በብዙ ሥፍራ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን አያድነውም። መንፈራገጡን በጉልበት መያዝ፣ በጥርሱ መካከል ማንኪያ ማስገባትም ጉዳት ነው። የሚያስፈልገው ድንጋይና ወንበሩን ከአጠገቡ ማራቅ፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ መንፈራገጡ ሲቆም በጎኑ ማስተኛት ነው። በእሳት የተቃጠለንም ቁስል ቅቤ ወይም የጥርስ ሳሙና መቀባት አይገባም፤ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል ማፍሰስ ይበጃል።

የሠለጠነ ፖሊስ ምን ያህል እንደሚጠቅም ሌላው ዓለም አይቶታል። ሚያዝያ 8 ቀን 1999 ዓ.ም. በአሜሪካ በቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ 32 ሰዎች በተገደሉበት ዕለት፣ ከፖሊሶቹ ጋር የሕክምና እርዳታ የተማሩ ባልደረቦቻቸው አብረው ወደ ሕንፃው ገብተው ነበር። እነዚህ ሰዎች አምቡላንስ ሊገባ በማይችልበት ሰዓት ቁስለኞችን እየለዩ ረዱ። በዚያን ቀን እግሩ የተመታ አንድ ተማሪም የኤሌክትሪክ ገመድ በእግሩ ላይ አስሮ ደሙን በማገቱ ሐኪም እስኪያገኘው ቆየ።

የመጀመሪያ እርዳታ ሐሳብ ከጦር ሜዳ የተነሣ ነው። በ1851 ዓ.ም. ሄንሪ ዱናንት የተባለው የስዊስ ነጋዴ በሶልፌሪኖ ጦር ሜዳ በኢጣሊያ የሚረዳቸው ያጡ ቁስለኞችን አይቶ፣ የመንደሩን ሰዎች አስተባብሮ ረዳቸው። የቀይ መስቀል ማኅበር የተወለደው ከዚያ ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርም ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ወረራ ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ተቋቋመ። በሶልፌሪኖ የረዱት የመንደር ሴቶች ሐኪሞች አልነበሩም። በቅርብ የነበሩ፣ ሊረዱም የፈቀዱ ሰዎች ነበሩ።

የግቢ ጠባቂም እንዲሁ ነው። በኪሌሌሽዋም ይሁን በጎንደር፣ በሐዋሳም ይሁን በአዲስ አበባ፣ ተማሪው በየማለዳው በበሩ ሲያልፍ ስሙን የማያውቀው ያ ሰው አንድ ቀን የሕይወቱ ዘብ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ግን ጥቂት ቀናት ሥልጠና፣ በየዓመቱ የሚታደስ ልምምድ፣ ፋሻና ማሰሪያ ያለበት ሣጥን ያስፈልገዋል። እነዚህን ነገሮች አደጋ ከደረሰ በኋላ መፈለግ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው ነው።

መልመጃ አንድ

ከላይ ባነበባችሁት ምንባብ መሠረት ለሚከተሉት ጥያቄዎች በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልስ ስጡ።

1. በኪኩዩ ግቢ ተማሪዎቹን የጎዳቸው ምን ነበር? ከጋሪሳው አደጋ ጋር የሚያገናኘውስ ምንድን ነው?
2. የስትራዝሞሩ ልምምድ ስለምን ጉዳት አደረሰ? ምን ቢደረግ ኖሮ ጉዳቱ ይቀር ነበር?
3. ቁስለኞች ብዙ ሲሆኑ ከሚጮኸው ይልቅ ዝም ያለው የሚቀደመው ለምንድን ነው?
4. በሰውነት ውስጥ የተሰካ ብረት የማይነቀልበት ምክንያት ምንድን ነው?
5. በ1952 ዓ.ም. የተገለጸው ዘዴ ከቀድሞው በምን ይለያል?
6. የሶልፌሪኖ የመንደር ሴቶችና የግቢ ጠባቂ የሚመሳሰሉት በምንድን ነው?

መልመጃ ሁለት

የሚከተሉትን ቃላትና ሐረጎች በምንባቡ ውስጥ ከገቡበት ስሜት ጋር አገናዝባችሁ ፍቺያቸውን ተናገሩ፤ ከዚያም በየራሳችሁ ዐረፍተ ነገር አግቡባቸው።

1. ጎሕ ሳይቀድ
2. ራሱን የሳተ
3. ቃሬዛ
4. ማገት
5. ዘብ
6. በወጉ

መልመጃ ሦስት

ትእዛዝ አንቀጽ በአዎንታ ሲነገር «አንሣው»፣ በአሉታ ሲነገር «አታንሣው» ይላል። በአሉታው ፊት የሚገባው «አት-» መሆኑን አስተውሉ። የመጀመሪያ እርዳታ ትምህርት በእነዚህ በሁለቱ ላይ የቆመ ነው፤ አንዱን በሌላው መለወጥ ሰውን ሊያጠፋ ይችላል። ቀጥሎ ያሉትን ትእዛዞች አንብቡ። ትክክል የሆነውን እንዳለ ተዉት፤ ስሕተት የሆነውን ወደ አሉታ ለውጡት።

1. ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ተጫነው።
2. የተሰካውን ቢላዋ ንቀለው።
3. ማሰሪያውን በጉልበቱ መጋጠሚያ ላይ እሰረው።
4. የታሰረበትን ሰዓት ጻፈው።
5. በጥርሱ መካከል ማንኪያ አስገባ።
6. መንፈራገጡ ሲቆም በጎኑ አስተኛው።

መልመጃ አራት

ሀ. «ሳይቃጠል በቅጠል» እና «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚሉት ምሳሌያዊ አነጋገሮች ስለ አንድ ጉዳይ ከሁለት አቅጣጫ ይናገራሉ። በመካከላቸው ያለውን ልዩነት በክፍል ውስጥ ተወያዩበት።

ለ. በትምህርት ቤታችሁ በር ላይ ከሚሠሩት ጠባቂዎች አንዱን በትሕትና ቀርባችሁ፣ በሥራ ዘመናቸው ድንገተኛ አደጋ ገጥሟቸው እንደ ሆነና ምን እንዳደረጉ ጠይቋቸው። ፈቃዳቸው ከሆነ፣ ስማቸውን ሳትጠቅሱ፣ የነገሯችሁን በሦስት አንቀጽ ጻፉ። በመጨረሻው አንቀጽ ምን ዓይነት ሥልጠና ቢያገኙ ይጠቅማቸው እንደ ነበር የራሳችሁን አሳብ ጨምሩበት።